ወይራው ሥር

ይድረስ ለነርሷ እህቴ ለፍቅርአዲስ፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ካንቺ መራቅ በቀር ደኅና ነን።

ጤፉ ተወቅቷል፤ ላሟም ወልዳለች። ትምህርት ቤት «ጽንስ ማቋረጥ በሕግ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ብለን ተከራክረን ነበር። «ይከልከል» የሚለው ወገን ደረሰኝና አሸነፍኩ። ሲያጨበጭቡልኝ መግቢያ ጠፋኝ።

እማዬ «ወንጌላዊት ከመስቀል ወዲህ አንድም ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከማስቀደስ አልቀረችም» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እኔ ግን የኛ ቦታ ናፈቀኝ። በየወሩ ቤተ ክርስቲያን የማንገባበት ቀን ሲደርስ፣ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ነጠላሽን ደርበሽልኝ አብረን እናስቀድስ ነበር። ዘንድሮ እዚያ መቆም እንዴት እንዳማረኝ።

ፈቃድ ካገኘሽ ገናን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ነይልኝ። ለእማዬ ግን ናፍቃችሁኝ መጣሁ በያት።

በሰላም ያገናኘን።
እህትሽ ወንጌላዊት፣ ከደብረ ኤልያስ