የእህቴን ያንጎና ጠጥተው «ሰርጎ ገብ» ላሏት ኃላፊ

ለተከበሩ ዶክተር ኢኖኬ ራሳሊ፣
በዋይዶቩ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ የመረጃ ደህንነት ድኅረ ምረቃ ክፍል ኃላፊ፣
ሱቫ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተረጋጋ መንፈስ፣ ከሰፊው ወንበርዎ ላይ በምቾት እንደተቀመጡ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም በናውሶሪ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የቀረችው እህቴ አካኒሲ ናቩዳ ናት፤ ባለፈው ወር በዴንጊ ትኩሳት መሞቷን ቀብሯ ላይ ስለነበሩ ያውቃሉ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ ለብቻዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሥራ ብዛት ምክንያት ሳይነበቡ ቀርተው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። ገና ትምህርት ቤት ያለሁ ልጅ ስለሆንኩ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙብኝ በትልቅነትዎ ይለፉኝ። ዓላማዬ ማመስገን ብቻ ነው፤ ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅም በቁጥር ለይቼዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ ኮሌጅዎ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለለጠፈው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «የደሴቶቻችንን በር የሚጠብቁ ሐቀኛ ወጣቶች እንፈልጋለን» ይላል። ኒሲ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ነበር የምንጠራት፣ አመነችው። ለሁለተኛ ዲግሪ ለመዘጋጀት የምትወደውን የኔትቦል ቡድን ተወች። ቤተ ክርስቲያናችን የጣላቸውን አሮጌ ኮምፒዩተሮች በረንዳ ላይ አገናኝታ፣ አንዱን አጥቂ ሌላውን ተከላካይ አድርጋ ስትለማመድ እናታችን የልብስ ማስጫ ቦታ አጣች። ለማመልከቻዋ «ይህን ሙያ ለምን መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ የጻፈችውን መልስ እየቀደደች እንደገና ስትጽፍ ክረምቱ አለፈ። መለማመጃዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የራግቢ ትኬት እንደደረሰኝ የሚያበስር ኢሜይል መጣልኝና ሳላመነታ ተጫንኩት። ላኪዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አንተ ሞኝ! ነገ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ለሌባ አስረክበህ፣ አመስግነህ ትመጣለህ!» ብላ እየሳቀች መሬት ላይ ተንከባለለች። ማንንም በቀላሉ እንዳላምን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እርስዎን ግን አመነች።

፪. ስለ መልካም አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ኒሲ ማመልከቻዋን በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ስትሞላ፣ በገጹ አድራሻ መጨረሻ ያለውን ቁጥር በስህተት ለወጠችውና የማታውቃት የላውቶካ ልጅ ፓስፖርትና የፈተና ውጤት ፊቷ ድቅን አለ። ወዲያው ዘጋችው። የሁሉም አመልካቾች ሰነድ እንዲሁ ተጋልጦ እንደተቀመጠ ስለገባት ምን ላድርግ ብላ የእናታችንን ወንድም ሞሞ ዋይሳኬን አማከረችው። ሞሞ ኮምፒዩተር ከፍቶ አያውቅም። «የሰው ግቢ ሳትጠሪ እግርሽ ከገባ፣ በሩ ክፍት ነበር ብለሽ አትከራከሪም። ያንጎናሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አላት። «ሞሞ ደግሞ! ኮምፒዩተር እኮ ነው፣ መንደር አይደለም!» ብትለው፣ «ታዲያ ኮምፒዩተሩ ባለቤት የለውም?» አላት።

ስለዚህ ፀጉሯን አበጥራ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበትን የያንጎና ሥር በወጉ አስራ፣ ቢሮዎ መጥታ ያየችውን ሁሉ ነገረችዎት። እርስዎም የአገሩ ልጅ፣ የሬዋ ሰው ነዎትና ወጉ አልጠፋብዎትም። ሥሩን በእጅዎ ነኩት፤ መዳፍዎን አጎድጉደው አጨበጨቡ፤ ተወቅጦ ተበጥብጦ ከሠራተኞችዎ ጋር ጠጡ፤ ለእሷም ቀዱላት። «አይዞሽ ልጄ፤ የዛሬ ልጆች ይህን ረስተውታል፣ አንቺ ግን በደንብ ያሳደጉሽ ነሽ» አሏት። በእኛ ዘንድ ያንጎና የተቀበለ ሰው እንግዳውን በጥላው ሥር እንዳስገባ ለእርስዎ አላስረዳም። ኒሲ እየሮጠች ቤት ገብታ «ሳኬ! አጨበጨቡልኝ እኮ! በቃ፣ ተቀብለውኛል!» አለችኝ። ያን ማታ እናታችን ዶሮ አረደች።

፫. ስለ ጽሑፍ ችሎታዎም ላመስግን። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው የጻፉትን ኒሲ ደጋግማ ስላነበበችው እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አመልካቿ ያለ ፈቃድ ሰርጋ መግባቷን በራሷ አንደበት አምናለች፤ ጉዳዩን ለማድበስበስም ለሠራተኛ ማባበያ አቅርባለች።» ማባበያው ያ ያንጎና ነው። ማባበያውን ማን እንደጠጣው ግን በሪፖርቱ አልተገለጸም፤ ቦታ አጥሮዎት ይሆናል። የድረ ገጹ ቀዳዳ በዚያው ሳምንት ተደፈነ። የኒሲ ማመልከቻ ተሰረዘ፤ በስሟ ትይዩም «ሰርጎ ገብ» የሚል ቃል ተመዘገበ። ሊቀጥራት ቃል የገባው የሱቫ ባንክ ይህን ሲሰማ ቃሉን አጠፈ። ሰው የቤቱን ቁልፍ በሚያስረክብበት ሙያ እንዲህ ተብላ የተመዘገበችን ልጅ ማን ይቀጥራታል?

፬. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ኒሲ ይግባኝ ጠየቀች፤ እርስዎም ሳይቸኩሉ ቆዩ። ሆስፒታል ተኝታ ትኩሳቱ ሲያነዳት እንኳ «ሳኬ፣ እስቲ ኢሜይሌን እየው» ትለኝ ነበር። የይለፍ ቃሏን ለማንም ሰጥታ የማታውቅ ልጅ ለእኔ ሰጠችኝ። አይቼ «ገና ነው» እላታለሁ። «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ትለኛለች፤ ለእርስዎ ምክንያት እየፈለገች። ለሞቷ እርስዎን አልከስም፤ የገደላት ትንኝ ነው። እርስዎ ያደረጉት ነገር ቢኖር እየጠበቀች እንድትሞት ማድረግ ብቻ ነው።

፭. በመጨረሻም ለቀብሯ ስለመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ምንጣፍና ታምቡዋ፣ ለሐዘንም ለይቅርታም የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ፣ ይዘው መጡ፤ ጥርሱ ትልቅና ያማረ ነበር። ንግግርም አደረጉ። «የኮሌጃችን ልጅ» አሏት፤ ሐቀኛ ተማሪዎች የሚሸለሙበት «የአካኒሲ ናቩዳ ሽልማት» መቋቋሙንም ለለቀስተኛው አበሰሩ። ሞሞ ዋይሳኬ ጥርሱን ነክቶ ከመቀበሉ በፊት ረጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ይህ ለሞቱ ነው ወይስ ለበደሉ?» ሲልዎት አብረዎት የመጡትን የኮሌጁን ጠበቃ ዞር ብለው አዩና «ለሞቱ ብቻ ነው» አሉ። ሞሞም «እንግዲያው ለሞቱ ተቀብለናል። ሌላውን ገና እንጠብቃለን» አለ። ያን ጊዜ አንገትዎን ደፍተው ነበር፤ ከሐዘን ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሌላ ጥርስ እንዲያመጡልን አልጠይቅም። የምጠይቀው «ሰርጎ ገብ» የሚለው ቃል ከእህቴ ስም አጠገብ እንዲነሳ፣ መነሳቱም በዚሁ ጋዜጣ እንዲነገር ነው። ዛሬ ኮሌጅዎ ዘንድ እህቴ በአንድ መዝገብ ሌባ፣ በሌላው የሐቀኞች ምሳሌ ናት። ቃሉን የማያነሱ ከሆነ ስሟን ከሽልማቱ ላይ ያንሱልን። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው መቀመጥ ግን አይችሉም።

ለእንግዳ ተቀባይነትዎ፣ ለብዕርዎና ለዝምታዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከእጅዎ የተቀዳን ነገር ሁሉ ሳይጠራጠር ላለመጠጣት የተማረ አገልጋይዎ፣

ሳኬአሲ ናቩዳ፣
የአካኒሲ ወንድም፣
ናውሶሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት የኮሌጅዎ መምህር የመረጃ ደህንነት ትምህርቱን ሊያስተዋውቁ ክፍላችን መጥተው ነበር። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። የክፍል ጓደኛዬ ሉሲአና እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ስህተት ያገኘን እንደሆነ ለማን ነው የምንናገረው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ለእኛ ነዋ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው ግራ እንደተጋቡ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ እባክዎ ቢሮ ሲገናኙ እርስዎ ያስረዱልን።