በሌለ ዋርካ ሥር ስለቀጠራችሁን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማው የእንግዶች አቀባበልና የካርታ ዝግጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በከተማዎ ጎዳና ሲመላለሱም አንድ ቀን እንኳ የማይጠፉ ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከታላቅ እኅቴ ከወለተሰንበት ጋር ልደታን ለመሳለምና ከተማችሁን ለማየት ከመርጡለ ማርያም የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ማኅተም ያለበት ነገር አይዋሽም ብለን ለጎብኚዎች ባሳተማችሁት ባለቀለም ካርታ ስለተመራን፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ካርታው ባህላዊ ምግብ እንድንቀምስ ጋብዞ በዕለተ ረቡዕ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለ ክትፎ ቤት ደጃፍ ስላደረሰን አመሰግናለሁ። ለሥጋችን ከተጨነቃችሁት ሩቡን ለነፍሳችን ብትጨነቁ ኖሮ ጻድቃን በሆናችሁ ነበር። ከደጃፉ ቆመን ግራ ስንጋባ ያዩን ጎረቤት ባለሱቅ፣ ሙስሊሟ ወይዘሮ ዙሃራ፣ ዛሬ ጾማችሁ አይደለም ወይ ብለው ሽሮ ወዳለበት ቤት መሩን። ጾሜን የጠበቁልኝ እርሳቸው ናቸው።

፪ኛ፤ ስንመለስ እኅቴን ታክሲ ላይ አስቀድሜ ባሳፍር፣ ረዳቱ ሞልቷል ብሎ በሩን ዘጋና ይዟት ሄደ። ዐይኗ ደክሟል፤ ስልክ አትይዝም። ይህን በእናንተ አላሳብብም። እንዲያውም መጀመሪያ አልደነገጥሁም፤ በእኛ አገር ሰው የሚቃጠረው ከዛፍ ሥር ነውና፣ ብንጠፋፋ ካርታችሁ ከነጥላው በሣለው ትልቅ ዋርካ ሥር ልንገናኝ ጠዋት ተስማምተን ነበር።

፫ኛ፤ ዋርካው የለም። በስፍራው የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። ያገኘኋቸው ወጣቶች በትሕትና የትኛው ዋርካ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ባጮልቅ ታቹ የማይታይ ጉድጓድ አየሁ። ዐይነ ደካማ ሴት ዛፍ ፍለጋ በእጇ እየዳበሰች ወደዚያ ስትገባ ታየኝ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ የምጠራው ሰው፣ የምይዘው አቅጣጫ አልነበረኝም። ስሟን ልጣራ ብል ድምፄ አልወጣም። ስንት ደቀ መዝሙር ሲንቀጠቀጥ የገሠጽሁ ሰው፣ በአደባባይ ተንቀጠቀጥሁ።

የቀረኝ ጸሎት ነበር። አባታችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሠርኩን ጸሎት ግማሹን እኔ ግማሹን እርሷ እየተቀባበልን እንድናደርስ አስለምዶን ነበርና፣ ልማድ ሆኖብኝ ድርሻዬን ብዬ ዝም አልሁ። ከቆርቆሮው ማዕዘን ወዲያ፣ ከሌላው መንገድ ዳር፣ የእርሷ ድርሻ መጣልኝ። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ፣ አንዱን የሌለ ዛፍ ስንጠብቅ ኖረናል። ጸሎቱን እንደጨረሰች፣ «አንተ ልጅ፣ ዋርካው እዚህ የለም፤ አንተ ጋ ነው ወይ?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ባህልና ጉብኝት በአንድ ቀን ላበላችሁን፣ በዕድሜያችን ያልቀመስነውን ፍርሃትም ላስቀመሳችሁን፣ እግዚአብሔር እናንተን ለማየት የሚጓጓ እንግዳ አያሳጣችሁ እያልሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ካርታችሁን አጥፎ ያስቀመጠው፣
መሪጌታ ወልደአማኑኤል

ማስታወሻ፤ ወደ እኛ አገር ቢመጡ ካርታ አያስፈልግዎትም። ከዋርካው ሥር ይጠብቁን፤ የእኛን ሳይጠይቀን የሚቆርጠው የለም። እኅቴ ግን ቤት ከገባን ወዲህም እጄን አልለቀቀችም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በአንድ እጄ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅርታዎ አይለየኝ።