ከጣት አሻራው በላይ የቀረው ባዶ ቦታ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 63 ዓ.ም.
ጠዋት 3 ሰዓት

ፋይሉ ከአዲስ አበባ እንደገና ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። መጀመሪያ ካርታው በእርሳስ ነው አሉን፤ በቀለም አሠራን። ቀጥሎ የከተማው ምክር ቤት ድምፅ የለበትም አሉ፤ ድምፅ አሰጠን። አሁን ደግሞ ማስታወቂያ ለ10 ቀን ይለጠፍ፣ ነዋሪው ይሰማ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሁሉንም አንድ ላይ ቢነግሩን ምን ነበረበት፣ ደብተሬ?

መንግሥት ዘንድሮ ለትናንሽ ከተሞች ቤት መሥሪያ ይሰጣል። ለአንድ ከተማ አንድ ዕቅድ። ከሰበታ አልፈን ተጂ ሳይደረስ ያለነው እኛም ስማችን ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ዕቅዳችን ቀላል ነው፤ ወንዝ ዳር ያሉትን 31 አባወራዎች መንገዱ አጠገብ ወዳለው የማዘጋጃ ቤቱ መስክ ማውጣት። አምና ክረምት ውሃው አልጋቸው ላይ ወጥቶባቸዋል። የኦቦ ዲንሳ አንዱ ግድግዳ ከነምሰሶው ሄዷል።

ማስታወቂያውን እኔ ጸሐፊው ጽፌ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ወንዝ ዳር ማንበብ የሚችል የለም። ስወጣ ስገባ የማነበው እኔው ራሴ ነኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ሰበታ ድረስ ስልክ ልደውል ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረፋ። መስመሩ ሲገኝ ፋይላችንን የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል። ከሰዓት እንደገና። በመጨረሻ አንድ ነገር ያዝኩ፤ ፋይሉ ግንቦት 24 ካልደረሰ ለከርሞ ያድራል። ከርሞ ማለት ሌላ ክረምት ማለት ነው። ይህን ለምን በደብዳቤው ላይ አልጻፉትም ብዬ ስጠይቅ ስልኩ ተዘጋ።

ስመለስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ዛሬ ከማንም ጋር መነጋገር አልፈልግም።

እሑድ፣ ግንቦት 15
ከሰዓት 9 ሰዓት

ስብሰባው ተደረገ። ማስታወቂያውን ትቼ ቤት ለቤት ዞሬ በአፌ ጠርቻቸው ስለነበር ሁሉም ወጥተዋል። ወንዝ ዳር ሾላው ሥር ተቀመጡ። ከንቲባችን ግራዝማች ደምሴ እመጣለሁ ብለው አልመጡም። ንግግሩ በኦሮምኛ፣ እኔ በእርሳስ በአማርኛ ያዝኩ። ተቧጨሩ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተቧጨሩ። በመጨረሻ የተስማሙበት ሦስት ነገር ነው፤ ሁላቸውም አንድ ላይ ወደ መስኩ ይውጡ፤ የመቃብራቸው መንገድ አይዘጋ፤ ከክረምት በፊት ይጀመር።

ይህን በእርሳስ ስይዝ ዝናቡ መጣ። ያልተጠበቀ፣ ከባድ። ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ገልብጬ አንብቤላቸው ማስፈረም ነበረብኝ። ጊዜ የለም። አንድ ባዶ ወረቀት አወጣሁ፤ ከላይ ለጽሑፍ ቦታ ተውኩ፤ የማኅተሙን ቀለም ከፍቼ ከታች በኩል ጣታቸውን በየተራ አስደረግኩ። ወረቀቱን ከዝናቡ በኮቴ ከልዬ።

ኦቦ ዲንሳ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ የሰፈሩም ታላቅ። መጀመሪያ ጣታቸውን ያሳረፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ባዶውን ቦታ አዩና ይኼስ ምንድነው አሉኝ። ያላችሁትን ቢሮ ሄጄ እሞላዋለሁ አልኩ።

«ያንተ እጅ ከሆነ ቶሌ፣ ኢልመ ቶሎሳ» አሉኝ። ይሁን፣ የቶሎሳ ልጅ ማለታቸው ነው። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 16

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ግራ/ ደምሴ ጠዋት ጠሩኝ። የጣት አሻራውን አሳየኋቸው። ባዶውን ቦታ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ታይፕ ላይ ቁጭ በል አሉኝ፤ አስጻፉኝ። ነዋሪዎቹ መስኩ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት እንዲውል በደስታ ተስማምተዋል። እነሱ ወደየዘመዶቻቸው አገር ይሄዳሉ። ለተደረገላቸው አስተያየት ያመሰግናሉ። ሁለት ገጽ። የጣቱ ወረቀት ሦስተኛ ገጽ ሆኖ ይያያዛል።

እንዲህ አላሉም እኮ ጌታዬ አልኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የወንዙ ሰው ቆርቆሮ ቤት አያውቅበትም፣ ይሸጠዋል፣ ሠራተኛ ግን ያከብረዋል አሉ። ቀጥለውም፦ «ልጄ፣ ከተማ የሚታየው ከመንገድ ነው።»

ከዚያ የቤት ተቀባዮቹን ዝርዝር ሰጡኝ፣ እንድጽፈው። ተራ ቁጥር 4 የእኔ ስም ነው።

ጻፍኩት። ሁሉንም። ፋይሉ ቁምሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። የሚመጣው ሰኞ ተላላኪው ወደ አ.አ. ይወስደዋል።

ባዶ ወረቀት ላይ ጣት ያስደረግኩ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ለባለቤቴ ለዘነበች ስለ ቁጥር 4 ብቻ ነገርኳት። ስለ ጣቱ አልነገርኳትም። የኪራይ ቤታችን ጣሪያ በሦስት ቦታ ያፈስሳል፤ ሳፋ፣ ድስት፣ ባልዲ ደርድረን ነው የምንኖረው። አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን ማሰብ ጀመረች። መስኮቱን ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ጓሮ አለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

አሁን ስለ ጣቱ እንዴት ልንገራት።

ዓርብ፣ ግንቦት 20
ጠዋት 4 ሰዓት

ኦቦ ዲንሳ ቢሮ መጡ። አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ብዬ ተነሣሁ። አልቀመጥም አሉ። የምሰሶ ግንድ መቁረጥ ጀምረናል፣ ለመስኩ፣ መንግሥትን እንዳንከብደው ብለን አሉኝ። ውሃው ሳይመጣ ይደርሳል ወይ ብለው ጠየቁ።

ይደርሳል አልኳቸው።

ለምን? ማን አስገደደኝ? ግራ/ ደምሴ እንኳ አጠገቤ አልነበሩም። አመሰገኑኝና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሠራሁም። አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጻፍኩት፣ አራት ጊዜም ቀን ተሳሳትኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 22

ለዘነበች ሁሉንም ነገርኳት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መንገድ ላይ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እንደ ጅል ምክንያት ደረደርኩ፤ ዝናቡ፣ ጊዜው፣ አለቃው። ቤት ስንደርስ ሳፋውን አንሥታ ውሃውን ደፋች፤ መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። «ክረምቱን እዚሁ ነን ማለት ነው» አለች። አኮረፈች ወይስ ፈቀደች፣ አላውቅም።

ወንዝ ዳር ወረድኩ። የተቆረጠው ግንድ ተልጦ ተከምሯል። ለኦቦ ዲንሳ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፤ የተጻፈውን፣ የዋሸኋቸውን፣ ቁጥር 4ንም። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፦

«ወረቀቱ ማን ጋ ነው?»

እኔ ጋ አልኩ።

«ያልነውን ረሳኸው?»

አልረሳሁም፣ በእርሳስ የያዝኩት አለ አልኩ።

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ኢልመ ቶሎሳ አላሉኝም። ከሁሉም እሱ ነው የቆረቆረኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 23
ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ማንም ሳይገባ ገብቻለሁ። ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱን የታይፕ ገጾች ከፋይሉ አወጣሁ። በጣቱ ወረቀት ላይ፣ በእጄ ጽሑፍ፣ በማይለቅ ቀለም፣ ግንቦት 15 ሾላው ሥር ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ። መስኩን። የመቃብሩን መንገድ። ክረምቱን። መስመሩን አጠጋግቼ፣ ከላይ ጫፍ እስከ ኦቦ ዲንሳ አውራ ጣት ድረስ ነጭ ቦታ አልተውኩም። አሁን በዚህ ወረቀት ላይ ሌላ ቃል የሚገባበት የለም።

ደብቄ መላክ እችል ነበር። ተላላኪው አያነብም። ግን ከእንግዲህ ሰው የማያየው ወረቀት አልፈልግም። ግራ/ ደምሴ ሲገቡ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ይፈርሙና ዛሬውኑ ይሂድ፤ ነገ 24 ነው። ካልፈለጉ ይቅደዱት። ከቀደዱት ግን ሠላሳ አንድ ጣት ከየት ያመጣሉ? ራሳቸው ወንዝ ዳር ወርደው፣ ሾላው ሥር ቆመው፣ ፊት ለፊት መጠየቅ አለባቸው።

ከሥራ ያባርሩኛል። ይህን አውቃለሁ። ፈርቻለሁም፤ ለምን እዋሻለሁ። ዘነበች ጠዋት ኮቴን ስታቀብለኝ የተቀደደውን እጅጌ ሰፍታው አገኘሁ።

በተቀባዮቹ ዝርዝር ላይ ቁጥር 4ን ሰርዤ ከጎኑ ፈረምኩ።

የግራ/ ደምሴ ላንድሮቨር ቆመ። በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ናቸው፤ ወረቀቱን ይዤ ልነሣ ነው።