ኪሎና እንቅልፍ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት ልጆቹን ሰብስቤ መዋዕለ ሕፃናቱ አደረስኩ፣ ከሰዓት መልሼ በየቤታቸው በተንኳቸው። ከተማችን ጉንሳን ላይ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ አውቶቡሱ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ሸተተ። ረዳቷ ናንሂ ከኋላ ልጆቹን ስታዘፍን እኔ ከፊት መሪ ላይ ከእንቅልፍ ጋር ስታገል... ጠዋት በሁለት ሰዓት። ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ።

ከሥራ በኋላ ለጉልበቴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበቴን አልነካውም። ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል "ምግብ ቀንሺ፣ ስፖርት ሥሪ" አለኝ። በቃ። ምን እንደምበላ ጠየቀኝ? አልጠየቀኝም። ስፖርቱንስ በየትኛው ጉልበቴ ልሥራው?

ባሌ ዶክሱ ዛሬም ትራሱን ይዞ ወደ ሌላኛው ክፍል። ማንኮራፋቴ አላስተኛው ብሎ ነው። ይሂድ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

የዶክሱ ታላቅ እኅት እትዬ ቹንህዋ ለምሳ መጣች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የባህል መድኃኒት ሱቅ ያላት። ሩዝ ልጨምር እጄን ስዘረጋ "ተይ እንጂ፣ የወንድሜን ወንበር ልትሰብሪው ነው" አለችና ሳቀች። ዶክሱ ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። ምን አስቆኝ ነው?

ስትወጣ ከቦርሳዋ የክኒን ከረጢት አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። ቅጠል ብቻ ነው፣ ምንም አይጎዳም አለች። "ቁርጠኝነት ካለሽ ትከሺያለሽ። አንቺን የጎደለሽ እሱ ነው።"

ቁርጠኝነት... ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ ተራብኩ፣ ስንቴ ከሳሁ። ኪሎው ሁሌ ይመለሳል፣ ጓደኛ ይዞ።

ለማንኛውም ዋጥኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ቀሚሴ ሰፋኝ። ልቤ ግን ደረቴን ትደበድበዋለች። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ዓይኔ አልከደን አለ። ለእትዬ ቹንህዋ ደውዬ ነገርኳት። "እየሠራ ነው ማለት ነው" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ልጻፈው።

ዓሣ ገበያው አጠገብ ቀይ መብራት ያዘኝ። ፍሬን ረገጥኩ። ከዚያ... ከዚያ የሚባል ነገር የለም። የነቃሁት ናንሂ ትከሻዬን ስትደበድበኝ ነው። አውቶቡሱ ተንሸራቶ መስቀለኛ መንገዱ መሃል ገብቷል። አንድ የጭነት መኪና በሩን ሊነካ ክንድ ሲቀረው ቆሟል። ሹፌሩ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ።

አጨበጨቡልኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ናንሂ የሆነውን ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ነግራዋለች። ቁልፉን ተቀበለኝ። ይቀበለኝ፤ እኔም ብሆን ልጄን ለእንደኔ ዓይነት ሹፌር አልሰጥም። ግን ምን ቢል ጥሩ ነው... "በዚህ ሰውነት ድካም አይገርምም። አፍሽን ብትቆጣጠሪ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።"

አፌን። አውቶቡሱን የምነዳው በአፌ ነው እንዴ? ከክኒኑ በፊትም ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ጠዋት መሪ ላይ ለምን እንደማንቀላፋ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ?

ናንሂን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ሰላም ሳልላት አለፍኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ከዶክሱ ጋር ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ፕዮ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት ያየችኝ። ሚዛን ላይ ይውጡ ከማለቷ በፊት፣ "ጠዋት ሲነሱ አርፈው ነው የሚነሱት?" አለችኝ። አርፌ የተነሳሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ወደ ዶክሱ ዞራ ሌሊት ምን እንደሚሰማ ጠየቀችው። ጫማውን እያየ፣ "ታንኮራፋለች... ከዚያ ጭጭ። ትንፋሿ ይቆማል። ደንግጬ ልነካት ስል፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስባ ትመለሳለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል።"

ቆይቷል አለ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ታገስኩት። "ትንፋሼ ሲቆም እየሰማህ ትራስህን ይዘህ ሄድክ?"

"ብነግርሽ ስለ ውፍረትሽ የማወራ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ" አለ።

እኅቱ በወንበሩ ስትቀልድ ፈገግ ይላል፣ ስለ ትንፋሼ መናገር ግን ያፍራል። ምን ዓይነት ቤት ነው የምኖርበት?

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ሽቦ ተለጣጥፎብኝ ሆስፒታል ያደርኩበት ምርመራ ውጤት መጣ። ስተኛ የጉሮሮዬ ጡንቻ ይላላል፤ አንገቴ ላይ ያለው ስብ ይጫነውና አየር መግቢያዬን ይዘጋዋል። አንጎሌ እንዳልታፈን ይቀሰቅሰኛል። ደግሞ እተኛለሁ፣ ደግሞ ይዘጋል። እኔ ግን የተኛሁ ይመስለኛል። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ስኳሬ ድንበሩ ላይ ነው፣ ጉበቴ ላይ ስብ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ይብሱን ይርበዋል አለችኝ ዶክተር ፕዮ።

ስለ ቁርጠኝነት ጠየቅኳት። አልሳቀችም።

"ሲከሱ ሰውነትዎ ረሃብ የገባ ይመስለዋል። የምግብ ፍላጎትዎን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ይቀንሳል፣ የጠፋውን ኪሎ እስኪያስመልስ ይታገልዎታል። ውፍረት በሽታ ነው፣ ስንፍና አይደለም። እንደ ደም ግፊትዎ ይታከማል።"

አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስላት። ተናድጄ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሐኪም ፊት ተቀምጫለሁ... ይቺን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ይወስድባቸው ነበር?

ከክኒኑ የቀረችውን ፍሬ አሳየኋት። ስለ ልቤ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር፣ ግፊት ላለባት ሴት... ሁለተኛ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ማታ ማታ አፍንጫዬ ላይ የሚታሰር፣ አየር የሚነፋ ጭምብል ሰጥተውኛል። መጀመሪያ ቀን አውልቄ ወረወርኩት። ዶክሱ ምንም ሳይል አንስቶ ጠረገው። ወደ ክፍላችን ተመልሷል፤ እኔ ግን ገና አኩርፌዋለሁ።

በሳምንት አንዴ ሆዴ ላይ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ እወጋለሁ። ያቅለሸልሸኛል። ዶክተር ፕዮ መርፌው ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሳቆመው ኪሎው ሊመለስ እንደሚችል ነግራኛለች። ቢያንስ አልዋሸችኝም። አመጋገቤንም አብረን አየነው፤ ቀኑን በባዶ ሆድ እየዋልኩ ማታ ነበር የምበላው ለካ።

ለጉልበቴ መዋኛ ውስጥ መራመድ ጀመርኩ። ሁለት ልጃገረዶች አይተውኝ ተጠቃቀሱ። ዞሬ አፈጠጥኩባቸው። መራመዴን ቀጠልኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ተኛሁ። ነጋ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚኖረው?

ሰኞ፣ መስከረም 26

የመኸር በዓል። አማቴ ቤት ነበርን። ለሞቱት አያቶች የሚቀርበው ማዕድ ተነስቶ ለምሳ እንደተቀመጥን እትዬ ቹንህዋ ጀመረች። በመርፌ መክሳት ማጭበርበር ነው፣ የኔ ክኒን ላይ ብትቆይ ይሻላት ነበር... ለሁሉም እንዲሰማ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ድምፄን አላነሳሁም።

"እትዬ፣ ክኒንዎን ውጬ ልቤ ሲደበድበኝ እየሠራ ነው አሉኝ። ከዚያ ልጆች የሞላ አውቶቡስ ይዤ መንገድ መሃል ተኛሁ። ከእንግዲህ ስለ ሰውነቴ አያውሩ።"

አማቴ ዶክሱን አየችው። አስታግሳት ማለቷ ነው። ዶክሱ ቀላ። "እውነቷን ነው፣ እማማ" አለ። "መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

እትዬ ቹንህዋ ሻይዋን ልታነሳ ስትል እጇ ተንቀጠቀጠና ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። እሷም ክኒኑን ትውጠዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ቀጥ ብላ የኖረችው በዚያ ነው?

ስንወጣ በር ላይ የዶክተር ፕዮን ስልክ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። አላመሰገነችኝም። እኔም ንዴቴ አልበረደልኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለመንዳት ብቁ ነች የሚለውን የሐኪም ማስረጃ ይዤ ገባሁ። ዳይሬክተሩ ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ።

"ስንት ኪሎ ቀነስሽ? ብዙም አልታየኝም።"

ልክ ነው። ትንሽ ቀንሻለሁ፣ አሁንም ወፍራም ነኝ።

"ኪሎዬን ይተዉትና እንዴት እንደምተኛ ይጠይቁኝ" አልኩት።

ማስረጃውን ገለበጠ። እኔ አልተነሳሁም። ቆይቶ፣ "እንዴት ነው የምትተኚው?" አለ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ጭምብሉን፣ ግፊቱን፣ ትንፋሼ እንዴት ይቆም እንደነበር። ስጨርስ ቁልፉን ሰጠኝ።

ናንሂ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማለች። ዓይኔን ትሸሻለች።

"እትዬ ጉምኦክ፣ ተቀይመሽኛል አይደል?"

"በጣም።"

"እንደገና ስታንቀላፊ ባይሽ እንደገና ነው የምናገረው።"

"ታዲያ ከኋላ ሆነሽ እንዴት ታዪኛለሽ?" አልኳት። "ፊቴ የሚታይሽ ቦታ ተቀመጪ።"

ከጎኔ ተቀመጠች። ልጆቹን ልንሰበስብ ወጣን።