የቆሎ መጠቅለያ ስለሆነው አስተያየታችን

ለክቡር አቶ ስጦታው ኃይለ ሚካኤል
የብሩህ ገጽ ንባብ ቤት ዋና ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ሰሞኑን ከየመጽሐፉ ጀርባ ወረቀት ሲገነጥሉ የደከሙትን ሁለት እጆችዎን እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅልዎ። እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው ታዘበው፣ ከመንጋጋዬ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ የመንጋጋዬን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው። ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መጻፌም ለእርስዎ ብቻ የላክሁት እንደሆነ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ እዚያው ያረጃል ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ንባብ ቤታችን ሁለት ነው፤ አንዱ እዚህ ቢቸና፣ ሌላው ሞጣ። መጻሕፍቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ በካርቶን ታስረው በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ላይ አንድ ቅጽ ተለጥፎ ነበር። አንብቦ የጨረሰ ሰው ስሙን፣ ከአሥር የሚሰጠውን ነጥብና የመሰለውን ይጽፍበታል፤ ሲሞላ ሌላ ቅጽ ከሥሩ ይቀጠላል። እኛ ደግሞ ቅኔ የቆጠረ ተማሪ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት እየታረመ የሚያድግበት አገር ሰዎች ስለሆንን፣ አስተያየት ስንሰጥ እጃችን አይንቀጠቀጥም። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ለአንድ የወንጀል ልቦለድ ዘጠኝ ሰጥተው፣ አንዷን ነጥብ የቀነሱት ገዳዩ በአርባኛው ገጽ ስለታወቃቸውና የቀረውን ሁለት መቶ ገጽ ለጸሐፊው አዝነው ስላነበቡለት እንደሆነ ጽፈዋል። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ለአንድ የፍቅር ታሪክ አራት ሰጥታ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ መጽሐፉ በሦስተኛው ገጽ ያልቅ ነበር ብላለች።

ከሁሉም በላይ ግን ወይዘሮ ሀብትነሽ ነበሩ። ሞጣ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አዋላጅ እንደሆኑ ከጻፉት ተረድቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድም መጽሐፍ ተስማምተን አናውቅም። እኔ ስምንት የሰጠሁት እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ሦስት ይሆናል። እኔ እንባዬ የመጣበትን ምዕራፍ፣ ጸሐፊው እዚህ ላይ ሽንኩርት ሲልጥ ነበር ብለው ያልፉታል። ካርቶኑ ከሞጣ በሚገባበት ቀን የስፌት መኪናዬን ትቼ ነው የምሮጠው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ባለ አንድ እጅጌ ኮት አስረክቤ ሮጫለሁ፤ እርሳቸውም ለብሰውት ቤታቸው ከደረሱ በኋላ ነው ያወቁት።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የለሽነት እርስዎ እስኪደርሱልን ድረስ ቀጠለ። ውለታዎን በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ/ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ የተገልጋይ እርካታ የሚል ባዶ ሣጥን ነበረ። በምን እንደሚሞሉት ሲጨነቁ ከርመው፣ በመጨረሻ ለልቦለዶቹ የሰጠነውን ነጥብ ሁሉ ደምረው ሲያካፍሉት አርባ ሦስት በመቶ መጣልዎ። በዚህ ስሌት ወይዘሮ ሀብትነሽ በየምዕራፉ ለሚያለቅስ አንድ ጀግና የሰጡት ሁለት ነጥብ ለእርስዎ አስተዳደር የተሰጠ ሁለት ነጥብ ሆነ። ይህን የሰማሁ ዕለት ከሣቄ ብዛት መርፌ አውራ ጣቴን ወግቶኛል። ክቡር ሆይ፣ ስለ ልቦለድ በተጻፈ ነገር ሁሉ ራሱን የሚያገኝ ኃላፊ በየወረዳው አይገኝም፤ እኛ ግን አግኝተናል፤ እንኳን ደስ አለን።

2ኛ/ እርካታችንን ለማሳደግ ሰርኩላር ቁጥር ሰባትን አወጡልን። ከእንግዲህ አንባቢ ከአሥር ከስምንት በታች እንዳይሰጥ፣ አስተያየቱም ገንቢ እንዲሆንና ከመጻፉ በፊት በኮሚቴ እንዲታይ አዘዙ። የኮሚቴው ሦስት አባላት አንድም ቀን መጽሐፍ ተውሰው የማያውቁ መሆናቸው ከአድልዎ ነጻ ስለሚያደርጋቸው ምርጫዎን አደንቃለሁ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴም ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና በማግሥቱ ከመደርደሪያው የድሮ ስልክ ማውጫ ተውሰው አሥር ከአሥር ሰጡት። ገጸ ባሕርያቱ ቢበዙም አንዳቸውም በከንቱ አልገቡም፣ ሁሉም የሚገኙበት ይታወቃል የሚለው አስተያየታቸው በኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

3ኛ/ የቀድሞዎቹን ቅጾች ገንጥለው በሁለት ጆንያ ሞሉ። አንዱን መጋዘን ቆለፉበት፤ ሌላውን ያገለገለ ወረቀት ነው ብለው መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ለጎረቤቴ ለይርጋነሽ ሰጧት። ለዚህ ምስጋና ቃል ያጥረኛል። ድሮ አስተያየታችንን የሚያነቡት መጽሐፍ የሚዋሱት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ተሳፋሪው ሁሉ ያነበዋል። ሰው ቆሎውን ጨርሶ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ይስቃል፣ መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ገበሬው የመሪጌታን ጥቅል ስጪኝ ማለት ጀምሯል። ይርጋነሽ ራሷ ወረቀቶቹን በነጥባቸው ለይታ ትደረድራለች፤ ከአራት በታች ያለው ቶሎ ያልቅባታል፣ ስምንትና ዘጠኝ ግን ብዙ ፈላጊ እንደሌለው ነግራኛለች። ረዳቶች አውቶቡሱ ሞልቶ ሳለ አንድ አስተያየት እስኪያልቅ ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። በንባብ ማስፋፋት ዕቅድዎ ውስጥ ይህን ማስገባት እንዳይረሱ አደራ እላለሁ።

4ኛ/ እዚህ ላይ እኔም ዕድሌ ደረሰኝ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን አንድ ጥቅል የሽምብራ ቆሎ ገዝቼ ወረቀቱን ስዘረጋው የወይዘሮ ሀብትነሽን እጅ ጽሕፈት አየሁ። የተጻፈው ለእኔ ነበር። ከሞጣ በገባው ካርቶን ውስጥ መጥቶ፣ ሳላየው እርስዎ ገንጥለውታል።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት በመጨረሻው ምዕራፍ የቤቷን ቁልፍ ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ወንድም፣ አስረክባ ወደማታውቀው ከተማ የምትሄድበት ልቦለድ ነው። እኔ ዘጠኝ፣ እርሳቸው ሦስት ሰጥተውት ነበር። በንዴት ምን ጻፍሁ መሰለዎ፤ ለዚህች ሴት ሦስት የሚሰጥ ሰው የሚወደው ሰው ሞቶበት አያውቅም ብዬ ጻፍሁ። በጻፍሁት ነገርም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ ለመሪጌታም አንብቤላቸዋለሁ። የወይዘሮ ሀብትነሽ መልስ እንዲህ ይላል፤

«ለአቶ ታዘበው። መጽሐፉን እንደገና አነበብሁት። ያን ጊዜ ያነበብሁት የባለቤቴን አርባ ባወጣሁ ሰሞን ነበር። ሴትየዋ ቤቷን ትታ ስትወጣ እኔ መውጣት አቅቶኝ ተቀምጬ ስለነበር ተናደድሁባት። አሁን ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ»

ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ይርጋነሽ ትልቁን ቅጽ ለሁለት እየቀደደች ነው የምትጠቀልልበት፤ ሌላውን ግማሽ በዚያው ዕለት ጠዋት በደጀን በኩል ለሚሄድ ሰው ሸጣዋለች፤ ይህን ጊዜ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ይሆናል።

እውነቱን ልናገር፣ በጣም አፍሬያለሁ፤ ከፍቶኛልም። ያን ዕለት አንድ ቁልፍ እንኳን መትከል አልቻልሁም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ፣ ወይም ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ ብለው እንደሆነ፣ ወይም ነጥቡን ወደ አራት ከፍ አድርገው እዚያው ጸንተው እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ምናልባት ሰውየው ወረቀቱን እዚያው ጥሎት፣ ይርጋነሽም አንስታ መልሳ ጠቅልላበት እንደሆነ ብዬ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየጥቅሉ ቆሎ ስገዛ ሰንብቻለሁ። ሽምብራውን፣ ገብሱን፣ ሱፉን ቆረጠምሁ። አሁን ምሳ እንኳን የምበላው ሾርባ ነው። ይርጋነሽ ግን ደስተኛ ናት፤ እኔም በመካከሉ ሠላሳ የሚያህሉ የሰው አስተያየቶች አንብቤ፣ ከዚህ ቀደም አልወደውም ያልሁትን አንድ መጽሐፍ እንደገና ለማንበብ ወስኛለሁ።

5ኛ/ በመጋዘን የተቆለፈው ሁለተኛው ጆንያ እንዲመለስልን፣ መሪጌታና እኔም በራሳችን ሙጫ በየመጽሐፉ መልሰን እንድንለጥፈው ያቀረብሁት ማመልከቻ በሂደት ላይ መሆኑ ተነግሮኛል። ሂደቱን አላስቸኩልም። ትልቅ ጉዳይ መሆኑ ይገባኛል፤ ጆንያው የታሰረው በሁለት ቋጠሮ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር ወስኛለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ቤቴን ዘግቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሞጣ እሄዳለሁ። መጽሐፉን ይዤዋለሁ፤ ግማሹን ወረቀትም በደረት ኪሴ አድርጌዋለሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽን አፈላልጌ፣ በፊታቸው ቆሜ፣ መጀመሪያ ስለጻፍሁት ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ከራሳቸው አፍ እሰማለሁ። ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከተሳሳቱ እንደተሳሳቱ እነግራቸዋለሁ። ለዚህ ጉዞ አዲስ ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፤ ሁለቱም እጅጌዎች አሉት፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። እርስዎ ወረቀቱን ባይገነጥሉት ኖሮ ሌላ ሦስት ዓመት በካርቶን እየተጻጻፍን እንኖር ነበር እንጂ እኔ ከቢቸና ንቅንቅ አልልም ነበር። ይህን የማመሰግንዎ ከልቤ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልቤ የሆነው ምስጋናም ይኸው አንዱ ነው።

የእርካታዎ መቶኛ እንደ ጥር ጤፍ ክምር ከፍ ከፍ እንዲል፣ ኮሚቴዎም አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ገልጦ እንዲያይ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከማክበር ጋር
ታዘበው፣ ልብስ ሰፊ
አርባ ሦስት በመቶ የረካ ተገልጋይ
ጥር 15 ቀን፣ ቢቸና

ግልባጭ፦ ለይርጋነሽ፣ እንደተመቻት ለሁለት ቀድዳ እንድትጠቀልልበት

ማሳሰቢያ፦ ለመንገድ የሚሆነኝ ተጨማሪ መጽሐፍ ስፈልግ፣ ከታችኛው መደርደሪያ እርስዎ ራስዎ ስለ መልካም አመራር የጻፉትን መጽሐፍ አገኘሁ። በቢቸና ሳይገነጠል የተረፈው ብቸኛ ቅጽ በእርሱ ጀርባ ላይ ያለው ነው። ምክንያቱን ስመረምር አንድም ሰው ተውሶት ስለማያውቅ የሚገነጠል ነገር አልተጻፈበትም ኖሯል። እኔ ትናንት አንብቤ ጨርሼው በሰርኩላሩ መሠረት አሥር ሰጥቼዋለሁ። ቅዳሜ ለወይዘሮ ሀብትነሽ አደርስላቸዋለሁ፤ ሰርኩላሩ ሞጣ ገና አልደረሰም።