ገለኔ የት ትውለድ?

ውድ የገለኔ እናት፣

ስምዎን አልጠራም፤ አማች ነኝና ወጉ አይፈቅድልኝም። ገለኔ «አዮ» ስትልዎት እሰማለሁ፤ እኔም በልቤ የምጠራዎት እንደዚያው ነው፤ አፌ ላይ ግን መጥቶ አያውቅም። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩልዎት መጽሐፍ ቅዱስዎን የሚያነቡት በዚህ ፊደል ስለሆነ ነው። እኔ የተማርኩት በኦሮምኛው ቁቤ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ። ገለኔ እንድታነብልዎት አልፈልግም። እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉና ለብቻዎ ያንብቡት።

የምጽፈው ያዮ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ የምነዳው አምቡላንስ መሪ ላይ ወረቀት አስደግፌ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሏል። ነሐሴ እዚህ እንዴት እንደሆነ መቼም ያውቁታል።

ትናንት ገለኔ ደውላልኝ ነበር። «ወገቤን ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ ደግሞ ይተወኛል» አለችኝ። ጨነቀኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ «እስኪ ስልኩን ለእናትሽ ስጪ» አልኳት። ከየት ያገኘሁት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም። ሰጠችዎት። ከዚያ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ዝም አልን። ቆርቆሮዎን ዝናብ ሲመታው ይሰማኛል፤ ትንፋሽዎ ይሰማኛል። እኔ «እንደምን ዋሉ» እንኳ ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ እርስዎ ስልኩን መልሰው «ባልሽ ደህና ነው፤ ይተነፍሳል» ሲሏት ሰማሁ። ገለኔ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን እንባዬ መጣ፤ ለዚህች አንድ ነገር ብለን ስልክ ይዘን እንኳ መነጋገር አቃተን ብዬ።

ለመጨረሻ ጊዜ ቡሬ የመጣሁ ዕለት የሆነውን ላስታውስዎት። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል ተብሎ ገለኔ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ እርስዎ ጋ ከመጣች ሰንብታለች። ያን ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያችሁ አዋላጅ፣ ሲስተር ነፃነት፣ ሆዷን ዳብሳ «ልጁ አልዞረም፤ በመቀመጫው ነው ያለው። ምጥ ሳይጀምራት ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ትሁን። በድንገት ቢመጣብኝ እኔ ያለኝ ይሄ እጄ ብቻ ነው» ብላን ነበር። ቤት ገባን። እኔ እንደ ወጉ በሩ ጥግ አግዳሚው ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ እርስዎ ከመጋረጃው ወዲያ። ገለኔ በመካከላችን በርጩማ ላይ ሆዷን ይዛ።

«ገለኔ፣ ባልሽን ጠይቂልኝ፤ ሲስተሯ ያለችውን ሰምቷል?» አሉ።

«ሰምቻለሁ በያት» አልኩ።

«እንግዲያ እሱ ያለው ይሁን። በየሆስፒታሉ የሚመላለስ እሱ፣ መንገዱን የሚያውቅ እሱ። እኔ አሮጊቷ ምን አውቃለሁ?»

«የለም፣ እናትሽ ያሉት ይሁን። የወለዱ እሳቸው፣ ያሳደጉ እሳቸው። እኔ በሴት ነገር ምን ብዬ እገባለሁ?»

«እሱ እያለማ እኔ አልናገርም።»

«እሳቸው እያሉማ እኔ አልቀድምም።»

ገለኔ አንዴ ወደ መጋረጃው፣ አንዴ ወደ በሩ ስትዞር አንገቷ ደከመ። ጎሬ ዘመድ አለ፤ መቱ ትልቁ ሆስፒታል አለ፤ ቡሬ እርስዎ አሉ። ሦስቱንም አነሳን፣ ሦስቱንም መልሰን አስቀመጥን። በመጨረሻ ገለኔ ከሁለታችንም ፊቷን አዙራ መሬት መሬቱን እያየች «እኔ መምረጥ አልችልም፤ ፈርቻለሁ። አንዳችሁ ‘እዚህ ነው’ በሉኝ፤ እሄዳለሁ» አለች። እርስዎም ዝም። እኔም ዝም። ከዚያ ምሳ ቀረበ። እኔ በእርስዎ ፊት ስለማልበላ ለብቻዬ ጓዳ ተሰጠኝ፤ በልቼ፣ አመስግኜ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሽማግሌዎች በር ላይ ሲገናኙ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ አይተዋል። ደስ ይላል። ከኋላቸው ግን ዝናብ የሚመታት እርጉዝ ሴት ቆማ እንደሆነ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኔና እርስዎ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ሰው ሁሉ የአምቡላንስ ሹፌር ሆስፒታል የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔ የማውቀው በሩን ነው። ወረፋውን፣ ዘበኛውን፣ ቃሬዛው የሚወርድበትን ቦታ አውቃለሁ። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ደግሞም በደህና የምትወልድ ሴት እኔ መኪና ላይ አትወጣም። የሚጫኑብኝ የጨነቃቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ እኔ ዘንድ ሆስፒታል ሁሉ ክፉ ነው፣ መንገድ ሁሉ ረጅም ነው። «ቶኩማ ያውቃል» ሲሉ እሰማለሁ። ቶኩማ የሚያውቀው መፍራት ነው።

ለገለኔ ያልነገርኳትን ለእርስዎ ልንገር። ባለፈው ክረምት በየነች የምትባል ሴት ጎረቤቶቿ ከቡና ጫካው በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ላይ አደረሱልኝ። ከያዮ በአንድ በኩል መቱ ነው፣ በሌላው በኩል በደሌ። ባሏ ጭቃ እንደለበሰ በመስኮቴ ብቅ ብሎ «አንተ ታውቃለህ፤ ወዴት ይሻላል?» አለኝ። መቱ አልኩ። እሷ ተረፈች። ልጇ ግን ሳንደርስ አልቆለት ነበር። ሐኪሙ «ወደ በደሌ ብትዞርም ያው ነበር» ብሎ አጽናናኝ። ባሏም እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። የገደለኝ ምስጋናው ነው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ቦታ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይከብደኛል።

እንግዲህ ያን ቀን እርስዎ ቤት «እናትሽ ያሉት ይሁን» ያልኩት ግማሹ አክብሮት ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት ነው። አንድ ነገር ቢሆን «እኔ አልመረጥኩም» ለማለት ነው። የእርስዎን አላውቅም። ገለኔ ግን አንድ ነገር ነግራኛለች። የገንፎውን ዱቄት ሁለት ቦታ ቋጥረዋል አሉ፤ አንዱ ጓዳ ለቤት፣ አንዱ በር አጠገብ ለመንገድ። ይህን ስሰማ፣ ለካ እርስዎም እንደኔ መምረጥ ፈርተው ኖሯል አልኩ።

እንዳልመጣ እጅ እግሬ ታስሯል። ሌላውን ሹፌር፣ ኪቲላን፣ ወባ ጥሎታል። መኪናው አንድ፣ ሹፌሩ እኔ ብቻ ነኝ። ጥዬ ብመጣ፣ የዚያኑ ቀን ሌላዋ በቃሬዛ አስፋልት ላይ ብትደርስ፣ ማን ያነሳታል? የሰው ሚስት እንዳትሞት ስጠብቅ የራሴ ሚስት ቡሬ ቁጭ ብላለች። ለኃላፊው ነገርኩት፤ «እግዜር ያውቃል ቶኩማ፣ ኪቲላ እንደተነሳ ትሄዳለህ» አለኝ። እሱስ ምን ያድርግ? ከየት ሹፌር ያምጣልኝ? ቀን ቀን አልጋው ጋ ሄጄ ግንባሩን እዳብሰዋለሁ። «ልታየኝ ነው ወይስ ልታስነሳኝ?» ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎት ጀላሉ ነው፣ የሚኒባሱ ሹፌር። ያዮ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ጉዳዬን ነገርኩት። ሳቀብኝ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነበር የሚባለው፤ አንተ ደግሞ አግብተህ ነው የጨነቀህ» አለኝ። ቆይቶ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና «ስማኝ፣ ነገ ቡሬ እገባለሁ። ስመለስ የፊቱን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም። ሚስቴ ጣሂራ መቱ ቤት አለች፤ ቤታችን ከሆስፒታሉ አጥር አይርቅም። አንድ ክፍል አለን፤ እናቷም ትምጣ። አላህ በሰላም ያገላግላት። ግን ወንድሜ፣ አማትህ እምቢ ቢሉ እኔ ጎትቼ አላወጣም፤ አንተ የምትለውን በል» አለኝ።

አንተ የምትለውን በል። ይኸው ስንት ወረቀት ጨርሼ እስካሁን አላልኩም።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል። እኔ ደግሞ አማች ሆኜ፣ ወንድ ሆኜ፣ ስድስት ላሳደጉ እናት ላስተምር ነው። ሳፉ ነው፤ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን እርስዎ «እሱ ያለው ይሁን» ብለው አልነበር? እንግዲህ ብያለሁ፤ ገለኔ መቱ ትውለድ። ጎሬ አይደለም፣ ቤትም አይደለም፣ መቱ። ይህን እንዳነበቡ፣ ምጡ ሳይጠና፣ ጀላሉ ደጅዎ ላይ ቆሞ ሳለ ትነሳ። ትክክል ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ያለውን ዛሬም አላውቅም። የማውቀው አንድ ሰው መናገር እንዳለበት ነው።

ክፉ ቢመጣ፣ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ «አማቼ ነው ያዘዘኝ» ይበሉ። በለቅሶ ላይም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በአገር ፊት ይበሉ። እኔ አልክድም። ደግ ከመጣ ደግሞ እርስዎ መረጡ ይባል፤ ደስ ይለኛል።

እባክዎ ለዚህች አንድ ነገር ብቻ አያክብሩኝ። ቢፈልጉ ይቆጡኝ፣ «ይሄ ባለጌ» ይበሉኝ፣ ብቻ ለገለኔ «ተነሺ» ይበሏት። ከእኔ ከሰማችው ትፈራለች፤ ከእርስዎ ከሰማችው ትነሳለች። የመንገዱን ቋጠሮ ይያዙ። የቤቱን እዚያው ይተዉት፤ ስትመለሱ ትበሉታላችሁ። ቅቤውንም አይርሱ፤ ገንፎ መቱም ይገነፋል። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ከወገቧ በታች ጋቢ ያድርጉላት፤ ጀላሉም ቀስ ብሎ ይነዳል፤ አስምዬዋለሁ።

ኪቲላ ከተነሳ፣ ወይም ወደ መቱ የምወስዳት ሴት ከገጠመችኝ፣ እደርሳለሁ። ካልደረስኩም እግዜር አለ፤ እርስዎ አሉ። ከደረስኩ ግን እኔ ወንድ ነኝ፣ ወደ ውስጥ አያስገቡኝም፤ በር ላይ ነው የምቆመው። እርስዎ ነዎት ከውስጥ የሚወጡት። ገለኔን ካገባሁ ጀምሮ ፊትዎን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፤ የነጠላዎን ጥለትና ጫማዎን ብቻ ነው የማውቀው። ያን ዕለት ግን ይቅር ይበሉኝ፤ በሩ ሲከፈት አንገቴን አልደፋም። እርስዎም በነጠላዎ አይሸፈኑብኝ። አንድ ቃል መናገር አያስፈልግዎትም፤ ከፊትዎ አውቀዋለሁ።

አማችዎ
ቶኩማ
ከያዮ