ሁለት ጣሳ በአንድ በር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ሃንዶኮ፣ ባሕር ማዶ ማሌዥያ፣ ታዋው፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ጀምሮ ጤናህ እንደምን ነው? ባለቤትህ ሮስማዋቲስ እንዴት ናት? በፎቶ ብቻ የማውቃት ኢንታን ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ናት? ባለፈው በስልክ ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ ያንን የዘንባባ ፍሬ መሸከሙን ተውከው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳሯ ግን ወርዷል። ባለቤቴ ዋርሲቶ እንደ ድሮው ቶፉውን ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ያጉረመርማል። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው ብዬ ደብዳቤውን ብዘጋው ደስ ባለኝ ነበር። ግን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም የተውኩት ነገር አለ፤ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሹመቴን ልንገርህ፤ አትሳቅ። የሰፈራችን ሹም ሆኛለሁ። ጋሽ ሳጊሚን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዙትን ማኅተም ከጎርፉ በኋላ ስብሰባ ላይ አውጥተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና በቃኝ አሉ። ሥራው ደመወዝ የለው፣ እረፍት የለው፣ ምስጋና የለው፤ ማን ይፈልገዋል? ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን አበባ ያይ ጀመር። እኔ የተጠበሰ ካሳቫ ላመጣ ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር። ትሪውን ይዤ ስመለስ እያጨበጨቡ ጠበቁኝ። ዋርሲቶም አብሮ ያጨበጭብ ነበር፤ ይህን አልረሳለትም። በማግስቱ የሹም ቤት የሚል ቆርቆሮ በራችን ላይ ተመታ፤ ከዚያ ወዲህ እራቴን ትኩሱን በልቼ አላውቅም። አንዱ ለጋብቻ ወረቀት ይፈልጋል፣ ሌላው የጎረቤቱ አውራ ዶሮ እንቅልፍ እንደነሳው ሊከስ ይመጣል።

ስለ ጎርፉ የነገርኩህ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አልነበረም። እናታችን አትንገሪው ብላኝ ነበር። አሁን ስማ።

የካቲት ላይ ወንዙ የሞላው ረፋድ ላይ ነው። የነፍስ አድን ጀልባ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የነዋሪዎችን ዝርዝር ይዞ በየቤቱ ይዞር ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርሱ እኔንና ልጆቹን አስቀድመው አሳፈሩን። ከዚያ አንዱ እናታችንን ደግፎ እያወጣት፣ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ያለ ምንም ማሰብ፣ "ሃንዶኮ አለ" አለች።

ወጋችንን አንተም ታውቃለህ። ስለ ርቆ የሄደ ሰው ሲጠየቅ፣ እዚህ ማንም ሄዷል አይልም፤ እንዳይመለስ መርገም ይመስለናል። አለ፣ እዚሁ ወጣ ብሎ ነው፣ እንላለን። እናታችን ደግሞ በአፏ ብቻ አይደለም የምትለው። አመሻሽ ላይ እያንዳንዱ ቤት ለተረኛ ጠባቂዎች አንድ እፍኝ ሩዝ በጣሳ በሩ ላይ ሲሰቅል፣ እሷ የቤታችንን ትሰቅልና ከጎኑ ያንተን ትሰቅላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎለችም። ጠባቂዎቹም ለታመመና ለሐዘንተኛ የሚሆነውን ሩዝ ከሁለቱም ጣሳ ይገለብጣሉ እንጂ ሁለተኛው የማን ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም።

ዝርዝሩም ላይ ስምህ ነበረ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ደረት በሚደርስ ውሃ ወደ ጓዳ ክፍል ገቡ። ስምህን እየጠሩ ቁም ሳጥኑን ገፉ፣ ጣሪያው ሥር ፈለጉ። እኔ ከጀልባው ላይ ማሌዥያ ነው እያልኩ ብጮህ ዝናቡና ሞተሩ ድምፄን ዋጡት። በዚያው ሰዓት ግድግዳ ብቻ በሚለየን በእትዬ ሙርጊያቲ የጓሮ ክፍል፣ ኒንግሩም የምትባል የስምንት ወር እርጉዝ ተከራይ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ሙርጊያቲ ገበያ ናቸው። ተከራይዋን ደግሞ ለሹሙ አስታውቀው አያውቁም፤ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለች ማንም ስሟን አልጠራም። የድስት ክዳን ስትደበድብ ጋሽ ሳጊሚን ሰምተው ነው የወጣችው። አላህ ጠበቃት፣ ወንድ ልጅ ወልዳ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ግን ላንተ ሲባል ግማሽ ሰዓት ያህል ጠፍቷል። አንተ ያን ሰዓት ታዋው የዘንባባ ጥላ ሥር ምሳህን ትበላ ነበር። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የነበረውን ነው የምነግርህ።

ሐምሌ ላይ ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ ነዋሪ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ በሹሙ ስልክ ፎቶ ይነሳ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልተነሳ ከዝርዝሩ ይሰረዝ የሚል ነው። የተሰረዘ ሰው የመታወቂያ ቁጥሩ ይተኛል። ለመቀስቀስ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፦ ባለቤቱ በስድስት ወር ውስጥ ራሱ መጥቶ ጣቱን የአሻራ መሣሪያው ላይ ያሳርፋል፣ ወይም ካለበት ሆኖ ለዘለቄታው ወጥቻለሁ ብሎ ፈርሞ ይልካል። ቁጥሩ ተኝቶ ፓስፖርት አይታደስም። ያንተ ሚያዝያ ላይ እንደሚያልቅ አልረሳሁም። የቀበሌውን ጸሐፊ፣ ውጭ ያሉትን ባሉበት ሆነው ፎቶ ቢልኩስ ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ አስመጣልኝና፣ "ወይዘሮ ሱሚያርሲህ፣ ይህ ስልክ ሰው እንጂ ወሬ አያነሳም" አለኝ።

የሰፈሩ መግቢያ ላይም ካሜራ ተተክሏል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ፀጉሩን እያበጠረ ነበር በሥሩ የሚያልፈው። አሁን ግማሹ በቦዩ ዳር ይዞራል። ለምን እንደሚዞሩ ስጠይቃቸው እነሱም አያውቁትም።

ከአርባ ሁለቱ ቤት አለ እያልን ያቆየናቸው ሰዎች አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። ጋሽ ሳጊሚን በየዓመቱ ማኅተማቸውን እየመቱ አሉ ብለው ያሳለፏቸው ናቸው። ለክፋት አይደለም፣ እናት ፊት ቆሞ ልጅሽ የለም ማለት ስለሚከብድ ነው። እትዬ ሙርጊያቲ ዘንድ ስደርስ፣ ሆንግ ኮንግ ያለችውን የልጃቸውን የላራስን ፎቶ ትልቅ አድርገው አሳትመው በር ላይ ወንበር አስደግፈው ጠበቁኝ። ይህንን አንሺ አሉኝ። እትዬ፣ አልችልም አልኳቸው። ፎቶውን ወደ ራሳቸው አዞሩና፣

"ደግ። ሃንዶኮንስ የት አቁመሽ ልታነሺው ነው?" አሉኝ።

ስልኩን አጥፍቼ ሄድኩ። ቤት ስገባ ደግሞ እናታችን የዒድ ሸሚዝህን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ዋርሲቶ ከጀርባ ሲታይ ቁመቱ እንዳንተ ነው፣ ሸሚዙን ለብሶ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ ይቁምልሽ አለችኝ። ዋርሲቶ እሺ ብሎ ቁልፉን መቆለፍ ጀምሮ ነበር፤ ሆዱ ጋ ሲደርስ እምቢ አለው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እናታችን፣ የተሰረዘ ሰው ቢሞት የሰፈሩ መቃብር ውስጥ ቦታ የሚሰጠው ማን ነው ስትለኝ ሳቄ ጠፋ። እሷ የምትፈራው ለፓስፖርትህ አይደለም። ከእኛ ጎን እንዳትተኛ ነው የምትፈራው።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ሳምንት ብዙ አሰብኩ። የማላምንበትን ነገር መንግሥት ስላዘዘኝ አላደርግም። ግን ያ ጀልባ ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ዝርዝር የሌለውን ሰው አለ ብሎ ያለችውን ሴት ካላያት፣ ውሸቱ የመንግሥት ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው፤ በገዛ አፋችን ያስገባነው ነው። እሑድ ጠዋት እትዬ ሙርጊያቲን ጠርቼ በረንዳችን ላይ አስቀመጥኳቸው። ከማንም በፊት ያንተን ስም አወጣሁ። ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ሁለቴም አዎ አልኩ። በገዛ ጣቴ ሰረዝኩህ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ሹም ነኝ ብዬ አልደበቅኩትም። እትዬ ሙርጊያቲ ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ "እንግዲህ የኔንም አድርጊው" አሉ። ሌሎቹ ዘጠኙ በሁለት ቀን አለቁ፤ ማንም አልተጣላኝም። እናታችን ግን አራት ቀን አላናገረችኝም።

መንግሥት ያዘዘውን ሁሉ እሺ የምትል ሆነች እንዳትለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ላይ ከስምና ከፎቶ በታች ጠባይ የሚል ሣጥን አለ። ማን ከማን ጋር ይገጥማል፣ ማን ስብሰባ ይቀራል፣ ማንስ ምን ያወራል የሚለውን ሹሟ እንድትሞላ ነው። ባዶውን ብተወው አልሄድም አለ። ስለዚህ የአርባ ሁለቱንም ቤት ሰው በሙሉ አንድ በአንድ ደህና ሰው ነው፣ ደህና ሰው ናት እያልኩ ሞላሁት፤ ያንን የአውራ ዶሮውን ባለቤት እንኳን። ስልኩ ተቀበለ። ጸሐፊው ግን አስጠርቶኝ ይህ መልስ አይደለም አለኝ። ለጀልባው የሚሆነውን ሁሉ ሰጥቻለሁ፣ ለጆሮ ጠቢ የሚሆን ግን የለኝም አልኩት። ለበላይ አሳውቃለሁ ብሏል። ማኅተሙን ቢወስዱብኝ እራቴን ትኩሱን እበላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ የጠባቂዎቹ አለቃ አሁንም ጋሽ ሳጊሚን ናቸውና ሩዙን ሊሰበስቡ መጡ። በራችን ላይ ሁለቱን ጣሳ አዩ። ሥራው እንዳይበላሽብኝ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ሁለተኛውን እንተወው ወይስ እንውሰደው ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። እናታችን ከውስጥ ቆማ ታየኝ ነበር። ዝርዝሩ የጽሕፈት ቤቱ ነው፣ ጣሳው የእኛ ነው፣ ውሰዱት አልኳቸው። ገለበጡት። የዚያን ዕለት እናታችን ጉልበቷን እንዳሽላት ጠራችኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ስትሄድ ለሁለት ዓመት ብለህ ነበር። ከዚያ አገባህ፣ ወለድክ፤ እሰየው፣ ደስ ብሎናል። በየዒዱ ግን በሚቀጥለው እመጣለሁ ትላለህ፣ እኛም አለ እንላለን፤ እንዲህ እየተባባልን ስድስት ዓመት ሆነ። እውነቱን ጻፍልኝ። ኑሮህ እዚያ ከሆነ፣ የመልቀቂያውን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ፈርመህ መልሰው፣ አልቀየምህም፣ ለእናታችንም እኔ እነግራታለሁ። የምትመጣ ከሆነ ከየካቲት በፊት፣ ከውሃው በፊት ና። ጣትህን ይዘህ ና፤ ሌላ ምንም አታምጣ። እመጣለሁ ብለህ የምትቀር ከሆነ ግን እባክህ አትመልስልኝ። ሌላ ጊዜ ስምህን እየጠሩ በውሃ ውስጥ ሰው እንዲፈልግህ አልፈልግም።

ዋርሲቶ ሰላም ብሎሃል፤ ሸሚዝህን እንዳልቀደደው ንገሪልኝ ብሏል። ልጆቹ አጎታችን ስንት ቋንቋ ይችላል እያሉ ይጠይቃሉ። ጋሽ ሳጊሚን ግንባሩን ሳሚልኝ ብለዋል። እትዬ ሙርጊያቲም፣ ላራስ ለረመዳን መምጫዋን ቲኬት እንደቆረጠች ንገሪው ብለው ሰላምታ ልከዋል። ሮስማዋቲን በእኔ ስም ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ኢንታንን ግንባሯን።

እናታችን ብዙ ሰላምታ አልላከችም። ትናንት ገበያ ሄዳ ሁለት ትንንሽ ጣሳ ገዝታ መጣች፤ የሮስማዋቲና የኢንታን ናቸው አለችኝ። መዶሻና ምስማር ይዤ ከሁለቱ ጎን ልሰቅላቸው ብል ከእጄ ተቀብላ አጥባ ቁም ሳጥኑ ላይ ደፋቻቸው። "እነዚህን ሰዎቹ ሲመጡ። ከእንግዲህ ሳላይ አለ አልልም" አለች።

ታናሽ እህትህ ሱሚያርሲህ

ካሊዱሬን፣ ክላተን
እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2022